ለእንግዶቹ የታረዱት ሁለት በጎች

አያ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት መካነ ሰላም ገበያ ላይ በርበሬ ስመርጥ ነው። ከኮምቦልቻ ጨርቅ እያመጣ የሚሸጥ አንድ የማውቀው ነጋዴ፣ "ያ የናንተ አገር ሽማግሌ፣ የቅሬ ዳኛ የነበሩት፣ ኮምቦልቻ ልጃቸው ቤት አረፉ እኮ። ሐሙስ ቀበርናቸው" አለኝ፤ እንደ ዋዛ። የያዝኩትን በርበሬ ወደ ጆንያው መለስኩት።

"ማን ማን ቀበራቸው?" አልኩት።

"የሰፈሩ ሰው ነዋ! ደግ ሰፈር ነው፣ አብሽሪ።"

ደግ ሰፈር ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እኛ አገር አያ ይመር ሬሳውን ያልሸኙለት፣ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት ያላደረሱለት ቤት የለም። እሳቸውን ግን ስማቸውን በቅጡ የማያውቅ ሰው አፈር አለበሳቸው። ይህ እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ሆዴ ውስጥ ሲፈላ የኖረ ነገር ነውና ድምፄ ከፍ ካለ አትፍረዱብኝ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። የማስተምረውም ተወልጄ ባደግሁበት ቀበሌ ነው፤ ከመካነ ሰላምም ከከላላም በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። በየትኛው ወረዳ እንደሆነ ግን አልናገርም። የማማው ሰው ዛሬም ወንበር ላይ ነው፣ እኔም ልጆች አሉኝ። የአያ ይመር ግቢና የአባቴ ግቢ አንድ አጥር ነበራቸው። እሳቸው እስላም፣ እኛ ክርስቲያን። ይህን ስናገር የከተማ ሰው "ታዲያ እንዴት ትኖሩ ነበር?" ይለኛል። እንዴት እንኖራለን! እንደ ሰው ነዋ።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የኛ ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ይይዛል። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ ሁሉም ይወጣል። ቤት ሲቃጠል እንጨት ያለው እንጨት፣ ሣር ያለው ሣር ይዞ ይመጣል። በመኸር ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ከአዝመራው ገብስ እየሰፈረ የቅሬው ጎታ ውስጥ ይጨምራል፤ ከሩቅ ለቀብር የመጣ ሰው የሚበላው ከዚያ ነው። መከራ ሲመጣ ያልወጣ ሰው ከቅሬ ይባረራል። ከቅሬ የተባረረ ሰው እሳት የሚሰጠው፣ እንዴት ዋልክ የሚለው፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም። ከዚያ ወዲያ ምን ቅጣት አለ? የዚህ ሁሉ ዳኛ አያ ይመር ነበሩ።

ረጅም፣ ደረቅ ያሉ ሰው ናቸው። ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነበር። "ቃሬዛ ነው እንዲህ ያደረገኝ፤ ወፋፍራሙ በሽተኛ ሁሉ በግራ በኩል ነው የሚተኛ" እያሉ ያስቁን ነበር። ፍርድ ሊሰጡ ሲሉ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ቆቡ ሲወልቅ ያየ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

አንድ ጊዜ ከድር የሚባል ሰው ቀብር ሳይወጣ ቀረና ተከሰሰ። "አሞኝ ነበር" አለ። ሁሉም ውሸቱን እንደሆነ ያውቃል፤ በዚያ ቀን ከላላ ገበያ ላይ በሬ ሲያስማማ ያዩት ነበሩ። አያ ይመር ቆባቸውን አወለቁ። "ከድር ታሞ ከነበረማ ጥፋተኞቹ እኛ ነን። ቅሬኛችን ታሞ ሳንጠይቀው ቀርተናል። ነገ እንዲያውም ሁላችንም ሄደን እንጠይቀው" ብለው ፈረዱ። በማግስቱ አገር ምድሩ ተነቅሎ ከድር ቤት ገባ። ሰውየው ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ጋቢ ተከናንቦ፣ እያቃሰተ፣ "እግዜር ይማርህ፣ አላህ ያሽርህ" ሲባል ዋለ። ሚስቱ ከጓሮ ሆና በሳቅ ልትሞት። ከዚያ ወዲያ ከድር ከአንድም ቀብር ቀርቶ አያውቅም።

የሚያስቀው ይኼ ነው። አሁን የማያስቀውን ልንገራችሁ።

ዘሀራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ቤቷ በእሳት ወደመ። ጥሩንባው ተነፋ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ቅሬው አዲስ ቤት አቆመላት። ሰው እጁን አራግፎ ወደየቤቱ ሲሄድ አያ ይመር ግን ዱላቸውን አንስተው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እኔም ለትምህርት ቤት ጉዳይ እዚያ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ፣ "አያ ይመር፣ ቤቱ ቆሟል አሉ፤ ጎበዞች ናችሁ። ምን ቀረ ታዲያ?" አላቸው።

"የናንተ ቀረ" አሉት። "ግድግዳና ጣራ የኛ ነው፤ ሠርተናል። የምትለብሰው፣ የምትዘራው፣ የልጆቿ ደብተር የናንተ ነው። አምጡ።"

"አይ አያ ይመር! ቅሬው ሁሉን ይችል የለም እንዴ?"

"ቅሬው ሁሉን ከቻለ እናንተ ግብር የምትሰበስቡ ለምንድን ነው?"

ሊቀመንበሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ግን ብርድ ልብሱና ዘሩ እስኪመጣ ድረስ በየሳምንቱ ይሄዱ ነበር። ብዙ ሰው ነገሩን ልመና አድርጎ አየባቸው። ልመና አልነበረም። "ጎረቤት ለዛሬ ነው፣ መንግሥት ለከርሞ ነው" ይሉ ነበር። "ቤት ሲቃጠል የአንድ ሰው ነው፣ ጎረቤት ይበቃል። ሰማይ ሲደርቅ ግን የሁላችንም ነው። እኔ ሲያልቅብኝ ጎረቤቴም አልቆበታል። ያኔ ከሩቅ የሚመጣ እጅ ያስፈልጋል። እሱ እጅ ደግሞ ምጽዋት አይደለም፣ ሐቃችን ነው።"

ይህን የሚሉት ከመጽሐፍ አንብበው አይደለም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ያላቸውን ሁሉ ከጎረቤት ጋር ተካፍለው ሲያልቅ፣ ቤታቸውን ዘግተው ወደ እህል ማደያ ወጡ። ሚስታቸውንና ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን መንገድ ላይ ቀበሩ። ይዘዋት የተመለሱት አንዷን ሴት ልጅ ብቻ ነው፤ ኋላ ኮምቦልቻ ያገባችው እሷ ናት። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን ብቻ ነው ሲናገሩ የሰማሁት። "የሺዬ፣ ረሃቡ አይደለም የገደለብኝ፣ መንገዱ ነው። ሰው ቤቱ ሆኖ ሲራብ ጎረቤት ያየዋል። መንገድ ላይ ሲራብ ማን ያየዋል?" አሉኝ። "እኔ ቆሜ እያለሁ ከቅሬዬ አንድ ቤት አይዘጋም። ለአላህ ቃል ገብቻለሁ።"

እንግዲህ ይህን ቃል ያዙልኝ፤ የኋላው ሁሉ የሚመጣው በዚህ ቃል ላይ ነው።

ሰይድ የኔ እኩያ ነው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እናት አባቱ በልጅነቱ ሞቱበትና አያ ይመር ወስደው አሳደጉት። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ መካነ ሰላም ቤት ተከራይተን ስንማር ለኔ እናቴ ስንቅ ትልክልኝ ነበር፤ ለሱ ደግሞ ቅሬው። በየሳምንቱ ተራው የደረሰው ቤት ቆሎውን ቆልቶ፣ ዳቦውን ደፍቶ ይልካል። የሱ ስንቅ ከኔ ይሻል ነበር፣ ወላሂ። ሁሉም ቤት "የኛ ተራ ሲሆን እንዳንታማ" እያለ ስለሚያሳምረው፣ እኔ ከሱ እየለመንኩ እበላ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ኮሌጅ ገባ፣ ተመረቀ፣ በወረዳው የእርዳታን ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ውስጥ ተቀጠረ፣ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊ ሆነ። ዜናው ሲመጣ አያ ይመር እንደ ሕፃን አለቀሱ። "ከርሞን አገኘነው" አሉ። መንግሥት ውስጥ የኛ ቤት ልጅ ተቀመጠ፤ ከዚህ በላይ ምን አለ!

ጊዜው ኢሕአዴግ አገሩን አጥብቆ የያዘበት፣ "በምግብ ራስን መቻል" የሚል መፈክር በየቢሮው ግድግዳ የተለጠፈበት ጊዜ ነበር። በዚያን ዓመት በልጉ ጭራሽ ቀረ። ሰው "ክረምቱ ይክሰናል" ብሎ ያለችውን ገብስ ዘራ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቡቃያው ደህና ቆመ፣ እሰይ ስንል ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ እንዳልነበረ አደረገው። ማሳ ላይ ወጥቼ አይቼዋለሁ። የተዘራበት መሬት ሳይሆን ከብት ያደረበት በረት ነው የሚመስለው።

አያ ይመር ቅሬውን ሰበሰቡ። ቆባቸውን አወለቁና፣ "ለሟች ያስቀመጥነውን ለሚኖረው እናውጣው" አሉ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። የቅሬው ጎታ ተከፈተ። ለሁሉም አልነበረም፤ ቤቱ ጭስ ለማይወጣበት ብቻ ነው። ማን ጋ ጭስ እንደማይወጣ ጠዋት ጠዋት ጉብታው ላይ ቆመው ራሳቸው ያያሉ። ለማኝ ሳያደርጉ፣ "ዘሀራ፣ ይቺን ገብስ ፍጪልኝ እስቲ፣ ግማሹን ለድካምሽ ያዢ" እያሉ ይሰጡ ነበር። ግማሹን ለመቀበል ተመልሰው አይመጡም። እንዲህ እየተባለ ወራት ተገፋ። አንድም ቤት አልተዘጋም። ጎታው ግን ወለሉ ታየ።

ያን ጊዜ ዱላቸውን አንስተው ወደ ሰይድ ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከላይ የጥናት ቡድን ሊመጣ ነው፤ ቀበሌዎቹን አይቶ እህል ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። ሰይድ፣ "አያ፣ እንግዶቹን በደንብ ተቀበሏቸው፤ ጥሩ ምሳ ይብሉ። የጠገበ እንግዳ ልቡ ይራራል። የቀረውን ለኔ ተዉት" ብሏቸዋል።

"የኛ ልጅ እዚያ ባይኖር ኖሮ ማን ይነግረን ነበር?" አሉ አያ ይመር።

አሁን የሚመጣውን ሌላ አገር ሰው ብነግረው አያምነኝም። ከእንግዶቹ ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም አለ ተባለ። እስላሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላ፣ ክርስቲያኑም እስላም ያረደውን አይበላ። ስለዚህ አንድ በግ አይበቃም፣ ሁለት ያስፈልጋል። አንዱን አያ ይመር ከራሳቸው ሰጡ፤ ሌላ በግ የላቸውም። ሌላኛዋን አባቴ ሰጠ፤ የቀረችን አንዲት በግ እሷ ነበረች። ወጡ በሁለት ወገን ተሠራ። እንጀራው ከየቤቱ ተለቃቅሞ በሁለት መሶብ ቀረበ። ጠላ የሚጠጣው ጠላ፣ የማይጠጣው ብርዝ። ሰው ሁሉ የዒድና የጥምቀት ልብሱን ለበሰ። ለእንግዳ በቡቱቶ አይወጣማ! እኔ በር ላይ ቆሜ ሳይ ሠርግ ያለ ነው የሚመስለው። የራበው ሠርግ።

"አያ ይመር፣" አልኳቸው፣ "መጀመሪያ ጎታውን ብናሳያቸው አይሻልም?"

"ኧረ አንቺ ልጅ!" አሉኝ። "እንግዳ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ ባዶ ጎታ ይታያል? ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ። ችግር የሚነገረው እጅ ከታጠቡ በኋላ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ነው ያሳዩን።"

በቅሎ ይላሉ፤ የመጡት በመኪና ነው።

እንግዶቹ በሉ። ይብሉ፣ እነሱን አልወቅስም፤ የቀረበላቸውን ነው የበሉት። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ጣቱን እየላሰ "ወሎዎች እኮ!" ይላል። ልጆቻችን አጥር ሥር ተቀምጠው ያያሉ፤ አንዳቸውም ንክች አላደረጉም፣ ተነግሯቸዋል። እጅ ታጠቡ። አያ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊነሱ ሲሉ ሰይድ ቀደማቸውና ቆመ።

ሲናገር አንደበቱ ማር ነው። "እንግዶቻችን፣ እኔን ያሳደገኝ ይህ ሕዝብ ነው" ብሎ ጀመረ። "ይህ ሕዝብ እጁን ለልመና ዘርግቶ አያውቅም። ድርቅ መጣ፣ በረዶ መጣ፣ ቅሬው ጎታውን ከፍቶ ራሱን መገበ። ከዚህ ቀበሌ አንድም ሰው አልተሰደደም። መንግሥት ሲጮህለት የኖረው ራስን መቻል ማለት ይሄ ነው!" ሰው አጨበጨበ። አያ ይመር ሳይቀሩ "ማሻአላህ" አሉ። ማን ሲመሰገን ይጠላል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስለዚህ ይህ ቀበሌ ችግሩን በራሱ አቅም ይወጣዋል። እህሉ ወደባሰባቸው ይሂድ" አለ።

ጭብጨባው እዚህም እዚያም ቀጥሎ ቆመ። አያ ይመር ተነሱ። "ቆይ ሰይዴ፣ ቆይ ልጄ። ጎታውን ገና አላሳየናቸውም።"

ሰይድ ፈገግ ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ። "ደግነታቸውን ታያላችሁ? ጎታቸውን ሳይቀር ሊያስጎበኟችሁ ነው። ግን መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሰዓታችንም ሄዷል።" እንግዶቹ ሳቁ፣ አንድ በአንድ እጃቸውን ጨብጠው አመሰገኗቸው። ወፍራሙ ሰውዬ እንዲያውም አቅፎ ሳማቸው። አያ ይመር መኪናው ሲነሳ መስኮቱን ይዘው ትንሽ ሮጡ፤ "ባዶ ነው! ልጆቼ፣ ባዶ እኮ ነው!" እያሉ። መስታወቱ ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ የተዘጋው የዘሀራ ቤት ነው፤ ቅሬው ራሱ ያቆመላት። ልጆቿን አስከትላ ወደ ወግዲ በኩል ወረደች። ከዚያ ከድር ወጣ፤ ያ ውሸታም በሽተኛችን። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ክፍሌ ውስጥ ወንበሮቹ ባዶ እየሆኑ ሄዱ፤ ስም ስጠራ ልጆቹ "ወጥተዋል፣ እትዬ" ይሉኛል። አያ ይመር በየማለዳው ጉብታው ላይ ይቆማሉ። ጭስ ፍለጋ ነበር የሚቆሙት፤ አሁን የሚያዩት መዝጊያ ነው።

"አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፣ አብረሽኝ ሂጂ" አሉኝና ወደ ሰይድ ቢሮ ሄድን። አስገባን፣ ወንበር ሰጠን፣ ሻይ አዘዘ። አያ ይመር ሻዩን አልነኩትም።

"ሰይዴ፣ ምን አድርጌህ ነው?" አሉት።

"ኧረ አያ! እርስዎ ምን ያደርጉኛል?" አለ። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። "ነገሩን ይረዱልኝ። ከበላይ ‘የተረጂውን ቁጥር ቀንሱ’ ተባልን። ከሌላ ቀበሌ ብቀንስ ሕዝቡ ይጮሃል፣ ሰው ይሞታል። እኛ አገር ግን እርስዎ አሉ። እርስዎ ባሉበት ሰው በረሃብ አይሞትም ብዬ ነው። በእርስዎ ተማምኜ ነው እኮ!"

አያ ይመር ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"አህያም ቻለ ተብሎ ነው ጀርባው የሚላጠው" አሉ። "ልጄ፣ እኔ ጎረቤት ነኝ። የጎረቤትን ሠርቻለሁ፤ ለሬሳ ያስቀመጥኩትን እንኳ አውጥቼ አብልቻለሁ። አንተ ደግሞ መንግሥት ነህ። ያንተንም ሥራ እኔው የምሠራው ከሆነ፣ አንተ እዚህ ወንበር ላይ ምን ትሠራለህ?"

ሰይድ ስልኩን አየ። "ስብሰባ አለብኝ፣ አያ። አይዟችሁ፣ በሚቀጥለው ዙር አያለሁ" አለና እስከ በሩ ሸኘን። መንገዱን ሁሉ እኔ እየተራገምኩ፣ እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ ቤት ገባን።

በሳምንቱ ቅሬውን ሰበሰቡ። ከግማሽ የማይበልጥ ሰው ነው የመጣው፤ የቀረው አገር ጥሎ ሄዷል። ቆባቸውን አወለቁ። "መከራ ሲመጣ ያልወጣ ሰው ከቅሬ ይወጣል። ሕጋችን ነው። ሰይድ የዚህ ቅሬ ልጅ ነው፣ በስንቃችን ያደገ። መከራ መጥቶ አልወጣም። ይባስ ብሎ በራችንን በላያችን ዘጋ። ከቅሬ ይውጣ እላለሁ። እናንተስ?"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መጨረሻ ላይ የተነሳው፣ ምነው ባልተነሳ ኖሮ፣ አባቴ ነው።

"አያ ይመር፣" አለ፣ "ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። ልጁ እኮ አሁን መንግሥት ሆኗል። መንግሥትን ከቅሬ እንዴት አድርገን ነው የምናስወጣው?"

"መንግሥት ሆኖ ቢመጣልኝማ ደስታዬ ነበር!" አሉ አያ ይመር፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ብሎ። "መንግሥትም አልሆነ፣ ጎረቤትም አልሆነ!"

ከወደ ኋላ አንዱ፣ "በጎቹን ያሳረዱት እርስዎ ኖት፣ እሱ ምን ያድርግ? ምሳ የበላ ሰው ችግር አለ ብሎ ይጽፋል?" አለ። ሌላውም "እውነት ነው" አለ። ማጉረምረሙ ተቀባበለ። ለካስ ሰይድ ቀደም ብሎ ለአንዳንዱ፣ ለአባቴም ጭምር፣ "ነገሩን ካበረዳችሁት በሚቀጥለው ዙር አስገባችኋለሁ" ብሎ ልኮላቸው ኖሯል። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ዙሩም እስካሁን አልመጣም። አባቴን እወደዋለሁ፣ አባቴ ነውና። ግን ያን ቀን ዓይኑን ማየት አቃተኝ፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ያቅተኛል።

አያ ይመር ቆባቸውን አጠለቁ። "መርሐባ፣ ይሁን። እንግዲያው ሌላ ዳኛ ምረጡ" አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆዩም፤ ልጃቸው ከኮምቦልቻ መጥታ ወሰደቻቸው። ከመሄዳቸው በፊት ለዘር ደብቀው ያቆዩዋትን ገብስ ከአገር ላልወጡት አካፈሏቸው። "በጎቹን ያሳረዱት እርስዎ ኖት" ላላቸውም ጭምር። እኔ ተናድጄ፣ "ለነዚህ?" አልኳቸው።

"አልተቀየምኩም አልልሽም፣ የሺዬ። ወላሂ ተቀይሜያለሁ፤ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ግን መሬቱ ምን አደረገ? ይዘራበት" አሉኝ። በራቸውን ዘጉ፣ ሰንሰለቱን አሰሩ፣ መለስ ብለው አላዩትም።

እንግዲህ ከገበያ ተመልሼ መርዶውን የነገርኩት ለዚህ አገር ነው። ጥሩንባ ተነፋ። ለቀብሩ ባንደርስም ለቅሶ እንቀመጣለን ተባለና ድንኳን ተተከለ። ሰው ሁሉ መጣ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ ደረቱን የደቃም ነበር። ለልጃቸው ስልክ ደወልኩላት። እያለቀሰች፣ "እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከአገር የመጣ ሰው ሲያገኙ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ‘ሰይድ እህሉን ላከላቸው ወይ?’ ነው የሚሉት" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ መኪና መጣ። ሰይድ ነው፤ አሁን ከወረዳም ከፍ ብሏል ይላሉ። ጥቁር ነጠላ አጣፍቶ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ ገባ፣ ቦታ ተለቀቀለት። ሼሁ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ተነስቶ ቆመ። አንደበቱ እንደዚያው ነው።

"አያ ይመር አባቴ ነበሩ" አለ። "መንግሥትን ሳይጠብቁ፣ የማንንም እጅ ሳያዩ፣ ሕዝባቸውን ከረሃብ ያወጡ ጀግና ነበሩ። ትውልዱ ከሳቸው ይማር።"

ከሴቶቹ መሀል ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

"ውሸት ነው!" አልኩ። "ጠብቀዋል። አንተን ነበር የሚጠብቁት፣ ሰይድ። እስኪሞቱ ድረስ ጠብቀውሃል።"

ሰይድ መሬት መሬት እያየ ቁጭ አለ። ከድር፣ ስደቱ አልቀናው ብሎ ተመልሶ ነበር፣ ዓይኑን ወደ ጣራው አዞረ። የሚደግፈኝ አንድ ሰው ፈለግኩ፤ "እውነቷን ነው" የሚል አንድ አፍ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከሴቶቹ አንዷ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ።

ሰደቃው ሲቀርብ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይቅደም ተባለ። አባቴ ተነሳ፤ ማሰሮና ሳህን ይዞ መጣና ሰይድን እጁን አስታጠበው።